እሳት የበላው ብረት

ማክሰኞ፣ መጋቢት 1998፣ ሰቆጣ

የጋሽ ሞላ አውራ ጣት እስከ አጥንቱ ተተረተረ። ቀሚሴ ደም በደም ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው። ብረት ሲቆረጥ ጠርዙ ላይ ቀጭን ስለት ይቀራል። የመመረቂያ ጥናቴ እሱ ነው፦ ስለቱ ምን ያህል እንደሚሆን፣ ብረቱ ሳይነካ በኮምፒውተር አስቀድሞ ማየት። ብረት ሠራተኛው ጋሽ ሞላ ብረት እያዞረ በሚቆርጠው ቶርኖአቸው የወፍጮ ዘንግ ሊቆርጡ ነበር። ኮምፒውተሬ ግማሽ ቀን ፈጅቶ ስለቱ ከፀጉር ያነሰ ነው አለ። ቆርጠው ስለቱን ሊሞርዱ ሊማቸውን ሲያነሱ፣ ይተዉት ለስላሳ ነው አልኳቸው። ምላሴን በቆረጠው! አመኑኝ። እንደ ልማዳቸው ዘንጉ እየዞረ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ደሙ ግድግዳው ላይ ተረጨ።

ረቡዕ

ልጃቸው ካሳ ከሆስፒታል በቀጥታ ቤቴ መጣ። በአፍ መፍቻው በኽምጣኛ ሰደበኝ፤ አማርኛው አልበቃውም። ከዚያ በያዘው ቧንቧ የኮምፒውተሬን ስክሪን በአንድ ምት አደቀቀው። ዘልዬ ፊቱን ቧጠጥኩት። ወረወረኝ፣ ግንባሬ ከበሩ ጋር ተላተመ። ጎረቤት ባይገላግለን አንዳችን እንሞት ነበር። እውነቱን ልጻፍ፦ በዚያች ሰዓት ብገድለው ደስ ይለኝ ነበር። ሲሄድ ግን አለቀስኩ፤ ምን አጠፋ?

ጅማቱ ተበጥሷል። ጣቱ ይቆረጥ አይቆረጥ ገና አልታወቀም።

ሐሙስ

ቁጥሮቹን በወረቀት ደግሜ ሠራሁ። ሦስት ጊዜ። ስህተት የለም። ታዲያ ደሙ ከየት መጣ?

ዓርብ

ሆስፒታል ልጠይቃቸው ሄድኩ። ካሳ በር ላይ ነበር፤ አልመታኝም፣ ዞር ብሎ አሳለፈኝ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ተነሺ አሉኝና ምን ዓይነት ብረት ብዬ እንዳስገባሁ ጠየቁኝ። መጽሐፉ ላይ ያለውን፣ ጠንካራውን፣ አልኳቸው።

"ያን ዘንግ እኮ በጦርነቱ አምደወርቅ መንገድ ላይ ከነሰዎቹ ከነደደ የወታደር መኪና ነው የነቀልኩት። ሲነድ አይቻለሁ። እሳት የበላው ብረት ይለሰልሳል፤ ሲቆርጡት ስለቱ ይረዝማል። እሳቱን አስገብተሽበታል?"

አላስገባሁም። ይህን ሁሉ እያወቁ ለምን አመኑኝ? አልኳቸው።

"ተምራለች ብዬ ነዋ" አሉኝ።

ከካሳ ቧንቧ ይልቅ ይቺ ቃል ጎዳችኝ።

ቅዳሜ

ካሳ ያገለገለ ስክሪን ተሸክሞ መጣ። አስቀምጦ ሄደ፤ ከየት እንዳመጣው አልጠየቅሁም። ኮምፒውተሬ ውስጥ ብረቱን አለስልሼ እንደገና አስገባሁት። ስለቱ ጥፍር አክሎ ወጣ፣ ልክ ጣታቸው ባረፈበት ጠርዝ። ወረቀት ላይ ስዬ ወሰድኩላቸው። ረጅም ሰዓት አዩት። ከዚያ ከፋሻው ውስጥ ጣታቸውን ሊያንቀሳቅሱልኝ ሞከሩ።

ተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ካሳ አልተንቀሳቀሰም ይላል።