እትዬ፣ ዛሬ አትከተይኝ

እትዬ፣
ወደ ልብስ ማጠቢያው፣ ወደ ሥራዬ፣ ብቻዬን ሄጃለሁ። ታንኮራፊ ስለነበር አልቀሰቀስኩሽም።

እንቁላሉ አሮ መጥበሻው ላይ ተጣብቋል። ይቅርታ።
ይቅርታው ለመጥበሻው ብቻ ነው።

ትናንት አውቶቡስ ውስጥ ጃንጥላ ዘርግተሽ ስትሰልዪኝ አይቼሻለሁ። ሾፌሩ «ያቺ ሴትዮ ደህና ናት?» ሲለኝ «አላውቃትም» አልኩት። ከዚያ ያለ ቦታሽ ወርደሽ «የት ነው ያለሁት?» ብለሽ ደወልሽልኝ። አንሶላ ማጠፉን ትቼ መጥቼ ወሰድኩሽ። አለቃዬ ስትስቅ እኔ አልሳቅኩም፤ አልቅሰሽ ነበር።

ሐኪሙ ስለ እኔ «አእምሮዋ ቀስ ብሎ ነው የሚማረው» ያለሽ እውነት ነው። የተማርኩት መንገድ ግን አይጠፋኝም።

ስለዚህ ዛሬ ቤት ተቀመጪ። ስደርስ እደውላለሁ።
ካልደወልኩም ደርሻለሁ፤ ረስቼ ነው።