በኖርፎክ መንገድ ላይ ስለጠበቁልኝ ሰላም

አትላንታ፣ መስከረም 1987 እ.ኤ.አ.

ለክቡር አቶ ኃይለመስቀል ገብረሕይወት
የቤተ ዘመድ መረዳጃ ማኅበር ሊቀ መንበር
ኢስት ፖይንት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሊቀ መንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ አገር ቤት ላሉት ለወላጅ እናትዎ ለወይዘሮ ደጊቱም የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንቅልፍዎ እንደ ወትሮው የሰመረ፣ የምግብ ፍላጎትዎም ያልተጓደለ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም ደካማ ልቤን ይዤ በሕይወት አለሁ። ልቤ ደካማ መሆኑን የሰማሁት ባለፈው ሳምንት ስለሆነ ገና አልለመድኩትም፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ መላክ ይቻል ነበር። ነገር ግን የዋሉልኝ ውለታ በአንድ ፖስታ ታሽጎ የሚቀር ዓይነት ስላልሆነ፣ በማኅበሩ የጽሕፈት መኪና አባዝቼ በአዳራሹ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ስለ ፈጀሁት የማኅበሩ ካርቦን ወረቀት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጉዳዩን ለማያውቁ አባላት ከሥሩ ላስረዳ። እኔ ገሠሠ ተገኝ፣ ኤርፖርት ሻንጣ የምጭን፣ በእረፍቴ ደግሞ ላለፉት አራት ዓመታት የማኅበሩን ቃለ ጉባኤ የምጽፍ ሰው ነኝ። የሺእመቤት ተገኝ የምትባል አንዲት እህት ነበረችኝ። ከሱዳን እሷ ወደ እንግሊዝ፣ እኔ ወደዚህ ስንበተን፣ እሷን መጀመሪያ የተቀበላት ኖርፎክ የሚባል የእርሻና የባሕር ዳርቻ አገር ነበር። እዚያ ሆስፒታል ውስጥ አስታማሚ ሆና ሁለት ዓመት ስትሠራ፣ አንዲት አሮጌ ብስክሌት ገዝታ በእረፍት ቀኗ ሁሉ ከመንደር መንደር ትዞር ነበር። የዞረችበትንም ትጽፍልኝ ነበር፤ ግንባቸው ክብ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያኖች፣ በባልጩት ድንጋይ ስለታነጹ ቤቶች፣ ውሃው ሲሸሽ ጭቃ ላይ በጎናቸው ስለሚጋደሙ ጀልባዎች። ወረቀትህ ሲስተካከል አብረን እንዞረዋለን ትለኝ ነበር። በኋላ ሥራ ለንደን ቢወስዳትም ቃሏን አላጠፈችም። እኔ ዜግነት አግኝቼ ፓስፖርት ባወጣሁ ጊዜ ሳንተያይ ዘጠኝ ዓመት ሆኖን ነበር።

ጉዞዬን በስብሰባ ላይ ስናገር፣ “ይኼ ሰውዬ ካር እያለው እንግሊዝ አገር ሄዶ ባይስክል ሊነዳ ነው!” ብለው አዳራሹን አስቀውብኛል። ደግ ቀልድ ነበር፤ እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

በኦገስት የመጀመሪያው ቅዳሜ ለንደን ገባሁ። ያን ዕለት አብረን ዋልን። የእሷ ፈቃድ የሚጀምረው ገና በሳምንቱ ቅዳሜ ስለነበር፣ እስከዚያ ብቻዬን እንድዞር፣ ከዚያ ክሮመር በምትባል የባሕር ከተማ ባቡር ጣቢያ እንድንገናኝ ተቀጣጠርን። እሑድ ጠዋት ጣቢያ ድረስ ሸኘችኝ፤ ብስክሌቷን ሰጥታኝ፣ ኮርቻውን ለቁመቴ ከፍ አድርጋ በመፍቻ አጠበቀችልኝ። እኔም እንደ ጸሐፊ ልማዴ የማድርባቸውን ቤቶች ከነቀናቸውና ከነስልክ ቁጥራቸው በታይፕ ጽፌ ሦስት ቅጂ አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዱን ለእሷ፣ አንዱን አብሮኝ ለሚኖረው ለጥላዬ፣ አንዱን ለማኅበሩ መዝገብ።

በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ የሺእመቤት ወደ ሥራዋ ስትሄድ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ወደቀች፤ ከሰዓት በኋላ አረፈች። ሐኪሞቹ በጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሷል ብለዋል። አብራት የምትኖረው ትዕግስት የእህቴን ቅጂ ፈልጋ ብታጣው፣ የት እንዳለሁ ለመጠየቅ እዚህ ቤቴ ደወለች። ስልኩን ያነሣው ጥላዬ ቅጂዬ ከፊቱ ጠረጴዛ ላይ እያለ፣ እንደ ወጋችን ወደ እርስዎ ሮጠ። የእርስዎ ውለታ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ምስጋናዬንም በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ፈጣን ውሳኔዎ። የአዳራሹን ጣሪያ ለማሳደስ አሥራ አራት ወር የመከረው ኮሚቴ፣ እህቴ መሞቷን እንዳልሰማ ለመወሰን ሁለት ሰዓት በቅቶታል። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው በቤቱ፣ በወገኖቹ መካከል፣ ሊነጋጋ ሲል፣ በሦስት ሽማግሌ ይረዳል ተባለ። ወይዘሮ ብዙነሽ ብቻ ተነሥተው፣ ሰውየው እዚያው አገር ነው፣ በባቡር ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው፣ ይነገረውና ይቅበራት ብለው ነበር አሉ። የሴት ሆድ ቶሎ ይባባል ተብለው ተቀመጡ። ቃለ ጉባኤውም፣ ጸሐፊው በፈቃድ ላይ ስለሆኑ ጥላዬ ይያዘው ተባለ። ጸሐፊው የት እንዳሉ ግን ማንም የጠየቀ የለም።

ሁለተኛ፣ ስለ ልቤ። ለትዕግስት ደውለው፣ ገሠሠ የልብ ሕመምተኛ ነው፣ በመንገድ ላይ ቢሰማ ይሞትብናል፣ በዚያ ላይ በብስክሌት ገጠር ለገጠር ስለሚዞር አይገኝም፣ እናንተ ቅበሯት ብለዋታል። ይህን የነገረችኝ በደብዳቤዋ ይቅርታ ስትጠይቀኝ ነው። ይህ ልብ በዚያው ማክሰኞ በሰሜን ባሕር ነፋስ ሠላሳ አምስት ማይል ፔዳል ሲመታ ውሏል። ማታ ደግሞ ስልክ ቁጥሩ በእርስዎ መዝገብ ውስጥ ባለ ቤት፣ ስልኩ ከተቀመጠበት ጠረጴዛ አጠገብ እራቱን በልቷል። ምርመራዎን በጽሑፍ ቢሰጡኝ ለሐኪሜ ባሳየሁት ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ቅዳሜው። እስኪ ይህን ቀስ ብለው ያንብቡልኝ። የሺእመቤት ብስክሌቷን ለእኔ ስለሰጠች፣ ለእሷ ክሮመር ላይ አንድ ተከራይቼ፣ ሁለቱን ብስክሌቶች ግራና ቀኝ ይዤ ጣቢያው በር ላይ ቆምኩ። አራት ባቡር ገባ፣ አራት ባቡር ወጣ። የጣቢያው ሠራተኛ አዝኖልኝ ወንበር አወጣልኝ። አመሻሹ ላይ ለንደን ስደውል አንዲት ሴት የለችም ብላ ስልኩን ዘጋችው። ቀጥዬ ወደ እርስዎ ደወልኩ፤ በዚያች ቀይ የስልክ ቤት ውስጥ ሳንቲሜን እየከተትኩ የሰማሁትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ “ገሠሠ፣ ዶንት ወሪ። ሥራ ቦታዋ ለትሬኒንግ ስኮትላንድ ልኳት ነው፤ እኔ ጋ ኮል አድርጋ ነበር። ሶሪ በልልኝ ብላለች። ደህና ናት። አንተ ቫኬሽንህን ኢንጆይ አድርግ።”

ከሞተች አራት ቀን የሆናትን ሰው ሶሪ አሰኟት። እኔም አመንኩ፤ ሊቀ መንበር ይዋሻል ብሎ ማን ያስባል? አምኜም ተቀየምኳት። ዘጠኝ ዓመት ጠብቄያት አንድ ቅዳሜ አልሰጠችኝም ብዬ፣ በማግስቱ ብሌክኒ እስከምትባል የባሕር መንደር ድረስ በየዳገቱ እየረገምኳት ሄድኩ። ያ ሳያንስ ፖስት ካርድ ገዝቼ፣ ሥራሽ ከወንድምሽ ከበለጠብሽ ይመችሽ ብዬ ጻፍኩላት። ካርዱ ለቅሶ ቤት ደረሰ። ሰው በተሰበሰበበት ፖስተኛው ለትዕግስት ሰጣት፤ እሷም አንብባ ደበቀችው። ከዚህ ሁሉ የማይወጣልኝ ይኸው ነው፣ አቶ ኃይለመስቀል። ሞት የመጣ ከእግዚአብሔር ነው እላለሁ፤ ያቺን ካርድ ግን ከእርስዎ ነው የተቀበልኩት።

አራተኛ፣ ስለ ማክሰኞው መዝናኛ። የተቀበረችው ባረፈች በሳምንቷ፣ በአምስት ሰዓት ረፋድ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት እኔ ብሌክኒ ላይ፣ እሷ በደብዳቤዋ የጻፈችልኝን አሸዋ ላይ ተኝተው የሚውሉ የባሕር እንስሳት ለማየት በትንሽ ጀልባ ወጥቼ ነበር። ጢማቸው እንደ አባወራ፣ ሆዳቸው እንደ ቂቤ ቅል፤ አንዷ ቀና ብላ ስታየኝ ቂሜንም ረስቼ ሳቅሁ። አብረውኝ የነበሩ አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ ፎቶ አንሥተውኝ ኖሮ ሰሞኑን በፖስታ ደረሰኝ፤ ጥርሴ ሁሉ ይታያል፣ ከጀርባው ቀኑና ሰዓቱ ተጽፏል። የጠበቁልኝ ሰላም ይህን ይመስላል። አገሩ ግን ምንም ጥፋት የለበትም። ስንዴው እየታጨደ ነበር፣ መንገዱ ጠባብ ሆኖ ቁጥቋጦው ትከሻ ይነካል፣ ሰዉም ብስክሌተኛ ሲያይ ትራክተሩን ጥግ ያስይዛል። እሷ የጻፈችልኝ ሁሉ እውነት ነበር።

አምስተኛውን ባጭሩ። ሐሙስ ዕለት ለንደን ስመለስ ቤቷ ሄድኩ፤ ተቆልፏል፤ ለካ ሁሉም ጸሎት ላይ ነበሩ። ከስኮትላንድ ስትመለስ ታገኘው ብዬ ብስክሌቷን ከአጥሩ ጋር አሰርኩ። ከማሰሬ በፊት ኮርቻውን በእሷ ቁመት ልክ ዝቅ አድርጌ አጠበቅሁት። መቃብሯ ከዚያ በአውቶቡስ ሁለት ፌርማታ ነው፤ ይህንንም ያወቅሁት አትላንታ ከገባሁ በኋላ ነው።

እሑድ ገና ጎሕ ሲቀድ ሦስታችሁ ነጠላችሁን አዘቅዝቃችሁ በሬን አንኳኳችሁ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ማለት ነው። ወጉ አልጎደለም፤ ደጋፊ በግራ፣ ደጋፊ በቀኝ፣ ውሃ ያዥ ከኋላ። የሚቀበር ብቻ አልነበረም።

አሁን የራሴን ልናገር፤ የሌላውን ብቻ የሚቆጥር ደብዳቤ እኔም አልወድም። የዛሬ ሁለት ዓመት የወንዳፍራሽ አባት አገር ቤት ባረፉ ጊዜ፣ የነርስነት ፈተናውን እስኪጨርስ ብለን ሁለት ወር ደብቀነዋል። ሁለት ወር ሙሉ ለአባቱ መድኃኒት እየገዛ ሰው ሲያገኝ ይልክ ነበር፤ እኛም እያየን ዝም አልን። በዚያ ቃለ ጉባኤ ላይ “ለራሱ ጥቅም ሲባል” የሚለውን ሐረግ የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ጥሩ አማርኛ መስሎኝ ደስ ብሎኝም ነበር። ለእህቴ ለቅሶ ወንዳፍራሽ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ “አሁን ገባህ?” ብቻ አለኝ። ገብቶኛል። እሱን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ መልስ እስኪሰጠኝ አልቸኩልም።

መዝገቡን ለማስረከብ ሳገላብጥ ያቺን የጉዞ ወረቀቴን አገኘኋት። እርስዎ በማኅበሩ ማኅተም “ደርሷል” ብለው መትተውባታል። በማክሰኞው ስልክ ቁጥር ሥር አንድ ሰው በእርሳስ አስምሯል። ማን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ሊደውል ፈልጎ እጁ የተያዘበት ሰው ይመስለኛል። ለዚያ ሰው ያለኝ ምስጋና ግን የእውነት ነው።

ስለዚህ ከጸሐፊነት ሥራዬ መሰናበቴን እየገለጽኩ፣ ለጠቅላላው ጉባኤ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የሞተው የራሱ ሰው ነውና ለሐዘኑ ባለቤት በዚያው ቀን ይነገረው፤ መደገፉን ሲወድቅ እንደግፈዋለን። ሐሳቡ ሳይጸድቅ ቢቀር በማኅበሩ አባላት ሁሉ ስም ከወዲሁ አዝናለሁ፤ ሁላችንም የምንወደው ሰው አለንና።

በመጨረሻም ከእውነት ጠብቀው ላኖሩኝ፣ ልቤን ሳያዩት ለመረመሩልኝ፣ ከመቃብር ይቅርታ ላስመጡልኝ ሊቀ መንበር፣ ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ ወንበርዎም እንዲጸና እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የቀድሞው ጸሐፊ፣
ቫኬሽኑን ኢንጆይ ያደረገው
ገሠሠ ተገኝ

ግልባጭ፦
ለማኅበሩ አባላት በሙሉ
ለወይዘሮ ብዙነሽ፣ ከእጅ መንሻ ጋር
ለአቶ ወንዳፍራሽ
ለወይዘሪት ትዕግስት፣ ለንደን፤ ያቺን ካርድ እንድታቃጥልልኝ ከመለመን ጋር

ማሳሰቢያ፦ ከአገር ቤት ለአባላት የሚመጣ ደብዳቤ የሚገባበት የማኅበሩ ፖስታ ሣጥን ቁልፍ እስከ ርክክቡ ቀን በእኔ እጅ ይቆያል። በዚህ ሳምንት ሦስት ጊዜ ቤቴ ደውለው፣ ወይዘሮ ደጊቱ ከሰኔ ጀምሮ ታመው ስለሰነበቱ ከአገር ቤት የተጻፈልዎ ደብዳቤ ይኖር እንደሆነ መጠየቅዎን ጥላዬ ነግሮኛል። መልሱን በጽሑፍ መስጠት ይገባኛል። ዶንት ወሪ፣ ክቡር ሊቀ መንበር። እናትዎ ደህና ናቸው።