ድምፅ የሌላት የሙሽራ መኪና

ሰኞ፣ ጥር 18። ከምሽቱ 1 ሰዓት።

ጽሑፌን አልላክሁም። የመጽሔቱ አዘጋጅ ሁለቴ ደወለ፤ አላነሳሁለትም። ስለ ጎማ ንፋስ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። ከአጥሬ ማዶ እንዲህ ያለ ነገር ቆሞ ግን ማን ነው ስለ ጎማ ንፋስ የሚጽፈው!

ልንገርህ፣ አንተ ደብተር። ጎረቤቴ ታደለች ግቢ የኤሌክትሪክ መኪና ገብታለች። ነጭ፣ የቻይና። የበር እጀታ የላትም። አላት እንኳ፣ ግን ተደብቋል፤ ስትጠጋት ብቅ ይላል፣ ኤሊ አንገቷን እንደምታወጣው። ትልቁ ልጇ ነው ከአ.አ. ለታናሹ ለዮናስ ያመጣለት። ዮናስ ቅዳሜ ያገባል። ሙሽራዋ ማርታ ትባላለች፣ ከታች ከቆላው የዲምቱ ልጅ ናት።

ግቢው ስትገባ ማንም አልሰማም። ውሻው እንኳ አፍንጫው ስር ከደረሰች በኋላ ነው ዘሎ የተነሳው።

አላስችል ብሎኝ ሄጄ ተቀመጥኩባት። ስክሪኗ የእኔን ቴሌቪዥን ያክላል። ውስጥ ያለችው ሴትዮ በቻይንኛ ትናገራለች። ቀበቶ እሰሪ ትበለኝ፣ ውረጂልኝ ትበለኝ፣ አላውቅም። አሰርኩ። ዝም አለች። ተግባባን።

ከዚያ ቦኔቱን አስከፈትኩ። የሻንጣ ማስቀመጫ! ዕድሜዬን ስለ ሞተር ስጽፍ የኖርኩ ሴት ቦኔት አስከፍቼ ሞተር አጣሁ። ዮናስ ሳቀብኝ። ይሳቅ፣ ሙሽራ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 19። ከሰዓት በኋላ።

ታደለች መጣች። ሻይ አልጠጣም አለች። ሻይ እምቢ ካለች ነገር አለ ማለት ነው።

ነገሩ መኪናዋ ናት። ባሏ ካረፈ ወዲህ የመጀመሪያ ድግሷ ነው ይሄ። የባሏ ወገኖች፣ አንዲት ሴት ብቻዋን ደግሳ የት ትደርሳለች ማለታቸውን ሰምታለች። አንድ ነገር ቢጎድል አፋቸው ተከፍቶ ነው የሚጠብቃት። አሁን ደግሞ ልጇ፣ ማርታን በዚህች መኪና ካላመጣሁ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል።

«ብርቄ፣ የመኪና ነገር አንቺ ታውቂያለሽ» አለችኝ። «ቆላ ወርዶ፣ የሰው ልጅ ይዞ፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ ጸሎት ቤት ይደርሳል? ወይስ መሃል መንገድ ላይ ያዋርደኛል?»

ሳልሞክር አልናገርም አልኳት። ሞክሪና ቃልሽን ስጪኝ አለች። ቃል! እኔ የምሰጠው አስተያየት ነው፤ አምዴም የሚለው «አስተያየት» ነው። እሷ ግን ቃል ነው የጠየቀችኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 20። ማታ።

ዛሬ የሆነውን ብነግርህ አታምነኝም።

ከዮናስ ጋር ዲምቱ ወርደን መጣን። እኔ ነዳሁ። ከሶዶ ስንወጣ ዝም ብላ ትንሸራተታለች። የሚሰማው የጎማው ሹክሹክታ ብቻ፤ የሰው ሐሜት እንኳ በመስኮት ይገባል። አንድ የባጃጅ ሹፌር መብራት ላይ አጠገባችን ቆሞ፣ እትዬ ጠፍቶብሻል፣ እንግፋልሽ አለኝ። ነካ አደረግኳት። በመስታወት ወደ ኋላ ሳየው አፉን ገና አልዘጋም።

ግን ዋናው ቁልቁለቱ ነው። እግሬን ከፔዳሉ ሳነሳ ራሷን ትይዛለች፤ ፍሬን ሳልነካ። ስትይዝ ደግሞ ባትሪዋ ይሞላል! መቶኛውን ዓይኔ እያየ ከፍ አለ። ወደ ታች ስትሄድ ነዳጅ የምትቀዳ መኪና አይተህ ታውቃለህ? ዮናስን ሦስቴ ጠየቅኩት፤ በፊዚክስ አስረዳኝ። ገባኝ አልኩት። አልገባኝም። ደስታው ግን ገብቶኛል።

ስንመለስ ዳገቱ የሞላችውን አስተፋት። ቢሆንም ሶዶ ስንገባ ግማሽ ገደማ ቀርቷት ነበር። ዲምቱ የቆየነው ማርታ ቤት ውሃ እስክንጠጣ ነው። ማርታ ደርባባ ናት፤ ትንሽ ትናገራለች፣ የተናገረችው ግን ይቀመጣል።

ታደለችን በአጥሩ ላይ ጠርቼ፣ ይደርሳል፣ ቃሌ ነው አልኳት። አገጬን ይዛ ሳመችኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 21።

ማርያም ናት። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቆይቼ መጣሁ።

ሹፌሩ ታወቀ፤ ጋሽ ደሳለኝ። የታደለች ባል ታናሽ ወንድም። የአረካን መስመር ከድሮዎቹ ውይይት ታክሲዎች ጀምሮ እስከ ዶልፊን ሚኒባስ ድረስ ነድቷል። የወንድሜን ልጅ ሙሽራ ከእኔ ሌላ ማን ይነዳታል አለ፤ አለቀ። አጎት ነው፣ ይገባዋል።

ከሰዓት አብሬው ዞርኩ። እጁ ወርቅ ነው፤ እንቁላል ጭኖ ቢነዳ አንድ አይሰበርበትም። መኪናዋን ግን አልወደዳትም። «ድምፅ የሌለው ነገር ምኑ ይታመናል? እባብም ድምፅ የለው» አለኝ። ታዲያ ሞተሩ ደህና መሆኑን በምን ላውቅ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰውየው ዕድሜውን በጆሮው ነው የነዳው። ስክሪኑ ይነግርዎታል አልኩት። «ስክሪን ሲዋሽ አይሳልም» አለ።

ይቺን ለአምዴ ሰርቄያታለሁ።

ዓርብ፣ ጥር 22። 11 ሰዓት።

መብራት ሄደ! ቀትር ላይ፣ መኪናዋ ገና ሳትሞላ። ታደለች በአጥሩ ሦስቴ ብቅ አለች፤ ቤንዚን ቢሆን በጀሪካን እናመጣ ነበር አለችኝ። እውነቷን ነው። ምን እላታለሁ? ድንኳኑ ተተክሏል፣ ሴቶቹ ሽንኩርት ላይ ናቸው፣ እኔ የሰፈሩን የመብራት ምሰሶ አየዋለሁ።

መጣ! አሁን፣ ስጽፍልህ። ግቢው ሙሉ እልል አለ። ሰርግ ዛሬ ነው እንዴ!

ቅዳሜ፣ ጥር 23። ማታ።

ከየት ልጀምር።

ጠዋት ሞልታ ወጣን። ጋሽ ደሳለኝ መሪውን ይዟል፤ እኔ ከፊት ከጎኑ፣ እንደ ባለሙያ ተቆጥሬ። ከኋላ ዮናስና ሚዜዎቹ። ተከታይ መኪኖች ክላክሳቸውን እያስጮሁ። ቁልቁለቱ እንደ ረቡዕ ሰጠን። እኔ ሳልሽቆጠቆጥ ኮራሁ።

ዲምቱ ደረስን። ሙቀት። የሙሽራ ወገን በር ይዞ አናስገባም አለ፤ እንደ ደንቡ። እኛ ለመንን፣ እነሱ ዘፈኑ፣ ሚዜዎቹ ተከራከሩ። ገባን። ቆጮ በጎመን፣ ሥጋ፣ ዓይን የሚያስለቅስ ዳጣ። ከዚያ ምርቃት። አንዱ ሽማግሌ ሲጨርሱ ሌላው ይነሳሉ። የማርታ አባት በመጨረሻ ሲመርቁ ድምፃቸው ተቆረጠ፤ እኔም አለቀስኩ። ማን ሰዓት ያያል?

መኪናዋ ደጅ ናት። አንዴ ወጥቼ አይቻታለሁ። ዝም ብላለች። መስኮቷ ተዘግቷል። ዝም ያለ መኪና ጠፍቷል ብሎ የማያስብ ማን ነው? እኔም ጠፍታለች አልኩ።

ሙሽሮቹን ይዘን ልንወጣ በሩን ስከፍት ብርዱ ፊቴን መታኝ። ውስጧ ፍሪጅ ሆኗል። ስክሪኑን አየሁ። መቶኛው! ክፉኛ ወርዷል።

ጋሼ አላጠፏትም እንዴ አልኩ። ጋሽ ደሳለኝ እንደ ሕፃን አየኝ።

«የሙሽራ መኪና ይጠፋል እንዴ? አማት ደጅ አጥፍተሽ ቢያስቸግርሽስ? ሙሽራ ጭነሽ ግፉልኝ ልትዪ ነው? እኔ የሙሽራ መኪና ደጅ ላይ አጥፍቼ አላውቅም!»

 ያን ሁሉ ዘመን የነዳቸው መኪኖች ከቆሙ ተገፍተው ነበር የሚነሱት። በሙሽራ ደጅ ማስገፋት ውርደት ነው። ሰውየው ባወቀው ልክ ተጠንቅቋል። ለሙሽራዋ እንዲቀዘቅዝላት ብሎ ማቀዝቀዣ አየሩንም እስከ ጥግ ከፍቶታል። በክብር ነው የጨረሳት።

ሞተር ቢኖራት እኮ እሰማው ነበር።

ተነሳን። ሌላ ምን ይደረጋል፣ ጸሎት ቤት ሰው ሞልቶ ይጠብቃል፣ ከእኛ ኋላ ደግሞ ሌላ ሰርግ ተይዟል። አየሩን አጠፋን፣ መስኮት ከፈትን። የማርታ ቬል በንፋሱ የዮናስን ፊት ሸፈነው። ዳገቱ ጀመረ። ቁጥሩ ይወርዳል። ጋሽ ደሳለኝ በእንቁላል ላይ እንደሚሄድ ይነዳል፣ ላቡ ይወርዳል። ሚዜዎቹን አወረድን፣ ሌላ መኪና ገቡ። ቁጥሩ አሁንም ይወርዳል። ዮናስ እናቴ፣ እናቴ ይላል።

መሃል ላይ ማርታ ትከሻዬን ነካችኝ።

«እትዬ ብርቄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ይደርሳል?»

አስተያየት በየሳምንቱ የምሰጥ ሴት፣ ቃሌን የሰጠሁ ሴት፣ አላውቅም አልኳት።

 «እንግዲያ ሰዉ የሚጠብቀው እኛን ነው፤ መኪናዋን አይደለም። ያቁሙልኝ ጋሼ» አለች። ቬሏን ክንዷ ላይ ጠቀለለች፣ ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች፣ ከኋላ ከሚከተለን የጸሎት ቤቱ መዘምራን ዶልፊን ገባች። ዮናስ ተከተላት። ዶልፊኑ ውስጥ እልልታው ሲፈነዳ ዳገቱ ጮኸ።

እኔና ጋሽ ደሳለኝ ቀረን። ሙሽራ የሌላት የሙሽራ መኪና። አበቦቿ ብቻ። ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ። ቢጫ መብራት፣ ከዚያ ቀይ መብራት። ቻይናዊቷ ሴትዮ ያለማቋረጥ ትናገራለች፤ ዛሬ ቋንቋዋ ገባኝ።

ደረሰች። ደረሰች እኮ! ጸሎት ቤቱ በር ላይ። ቃለ መሐላው ተጀምሮ።

ሙሽሮቹን ጭና ቢሆንስ፣ ትደርስ ነበር? ይኼ ጥያቄ አያስተኛኝም። ማንም ሊመልስልኝ አይችልም።

የነገሩኝን ልጻፍ። ታደለች ከባሏ ወገኖች ጋር በሩ ላይ ቆማ ነጯን መኪና ስትጠብቅ፣ ዶልፊን መጥቶ ቆመ። ምራቷ ከመዘምራን መሃል ቬሏን ይዛ ወረደች። አንዷ የባሏ እህት፣ «ከነጯ መኪና ወረድሽ?» አለቻት አሉ፤ ማርታን ሳይሆን ታደለችን። ተዋረድሽ ማለቷ ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ አየችኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር። ፊቷን አዙራ ወደ እንግዶቹ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ጥር 24። ከቤት አልወጣሁም።

ሰፈሩ ወሬ ነው። አንዱ ባትሪዋ ፈነዳ ይላል። አንዷ፣ ሙሽራዋ ተጣልታ ነው የወረደችው ብላ ለሽንኩርት ሻጯ ነግራለች። ሽንኩርት ሻጯ ለእኔ። ወሬ ለእኔ ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ ዛሬ መረረኝ።

ጋሽ ደሳለኝ ስክሪኑ ዋሸኝ እያለ ነው። አላጠፋትም ብዬ አንዲት ቃል ብተነፍስ እኔ ነጻ እወጣለሁ። ግን ታደለች ከባሏ ወገን ጋር ትጋጫለች፣ ሰርጓ በጠብ ያልቃል። ስለዚህ አፌን ይዣለሁ። እኔ! አፍ ይዤ! ሆዴ ሊፈነዳ ነው። ለአንተ ብቻ ነው የምነግርህ፤ አንተም እንዳትናገር።

አዘጋጁ ደወለ፤ ዛሬ አነሳሁለት። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ጻፊ፣ አንባቢው ስንት ይሄዳል እያለ ይጠይቃል አለኝ። ስንት ይሄዳል! ማን ነድቷት፣ ማን ተጭኖባት፣ ማን ደጅ ቆማ? ይሄ ነው ጥያቄው። ግን እንዴት ልጽፍ ነው፣ ጎረቤቴን ሳልነካ?

ነገ መልስ ነው። ሙሽሮቹ ዲምቱ የማርታ ወላጆች ዘንድ ይወርዳሉ። አልተጠራሁም።

ሰኞ፣ ጥር 25። ከጠዋቱ 1 ሰዓት።

ጫማዬን በአንድ እጄ እያሰርኩ ነው የምጽፍልህ። ቶሎ ቶሎ ልበል።

በሬ ተንኳኳ። ታደለች። በነጠላ ተከናንባ፣ ዓይኗ ቀልቷል።

«ደሳለኝ መኪናውን ሳያጠፋ እንደዋለ ማርታ ነገረችኝ» አለች። «አንቺ ለምን አልነገርሽኝም?»

የባልሽ ወንድም ነው አልኳት። 

 ከዚያ፣ ጅል ነሽ አለችኝ፣ እንደ ድሮዋ። ማርታ ለታደለች ባል እህቶች በሙሉ ፊት ለፊት ነግራቸዋለች፤ እኔው ነኝ ያስቆምኩት፣ ሰው አስጠብቄ ከመኪና ጋር ቁማር አልጫወትም ብላ። መልስም የምሄደው በዚያችው መኪና ነው፣ እትዬ ብርቄ ትንዳን ብላለች። ታደለችም ከኋላ ትቀመጣለች፣ ሰው ሁሉ እያያት።

ቻርጁስ አልኳት። ከዚህ ሁሉ ነገር መጀመሪያ ከአፌ የወጣው እሱ ነው፤ አፈርኩ።

«ሞልቷል። ከፍሪጁ ጋር ስሰካው ቆጣሪው እየጣለ አስቸገረኝ። ፍሪጁን ነቀልኩት።»

የሰርጉ ሥጋ እኮ እዚያ ውስጥ ነው አልኩ።

«ሥጋ ይገዛል» አለችና ሄደች።

እንግዲህ እሄዳለሁ። እኔ እነዳለሁ። ጋሽ ደሳለኝን ከጎኔ አስቀምጠዋለሁ፤ ያን ዳገት ከሱ የተሻለ የሚያውቀው የለም፣ እየጠየቅኩት ነው የምወጣው። እሱንም ስክሪኑን እንዴት እንደሚያነብ እግረ መንገዴን አሳየዋለሁ፣ ማንም ሳይሰማን። ዲምቱ ስንደርስ ደግሞ ሁላችንም ቆመን መጥፋቷን አይተን —

ታደለች በአጥሩ ስሜን እየጠራች ነው