ማዶ ቤት ላይ የወደቀው አውሮፕላን

እናትም እህትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለእትዬ፦

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያምሻል? ጋሼስ ሳሉ ለቀቀው? ልጆቹ ደኅና ናቸው? እኔ በአካሌ ደኅና ነኝ፤ አንዲት ጣቴ እንኳ አልተነካችም። ይህን ያስቀደምኩት ወሬ ቀድሞኝ ደርሶ እንደሆነ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።

እትዬ፣ እኛ ሰፈር ትንሽ አውሮፕላን ወደቀ። የወደቀው ከስፌት ቤቴ ማዶ፣ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌርና ባለቤታቸው የሚኖሩበት ቤት ላይ ነው። ባለቤታቸውን አንሥቼልሽ ይሆናል፤ የሰፈሩን ወሬ ከሁሉ ቀድመው ስለሚሰሙ እማማ ሬዲዮ የምንላቸው፣ እኔን ባዩኝ ቁጥር "ዛሬም አላገባህም?" ሳይሉ የማያልፉት።

ከምሳ በኋላ ነበር። የሱሪ ዚፕ እየቀየርኩ ሳለ ድምፅ ሰማሁ። የጎረቤት ጄኔሬተር መስሎኝ ቀና እንኳ አላልኩም። ድንገት ድምፁ ተቋረጠ፣ ጥላ በመስኮቴ አለፈ፣ ወለሉ ተናወጠ፣ ክሮቼ ከመደርደሪያው ረገፉ። ሰማይ ተደፋ ሲባል ለአፍ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ስወጣ የማዶው ቤት ጣራ የለም፤ አንዱ ክንፍ አጥሩን ደርምሶ መንገድ ላይ ተጋድሟል። ባልዲ ባልዲያችንን ይዘን ሮጥን። እሳቱ ግን ሰው አላስጠጋ አለ፤ ውኃውን ከሩቅ ረጨነው እንጂ የረባ ነገር አላደረግንም። አብራሪው ወጣት ሞተ። ጓሮ ልብስ ሲያሰጡ የነበሩት እማማ ሬዲዮም ሞቱ። እንዲህ ያለውን ነገር አሳምረው የሚያወሩልን እሳቸው ነበሩ።

ጋሽ ሹፌሩ ዳቦ ሊገዙ ወጥተው ነበር። ሲመለሱ ሰው ሊይዛቸው ሞከረ፤ አልጮኹም። ዳቦውን ለእኔ አቀበሉኝና "ያዝልኝ፤ እሷን ልጥራት" አሉኝ። እስከ ምሽት ታቅፌው ቆሜያለሁ።

ከቀብር በኋላ የሚያድሩት እኔ ጋ ነው፤ አልጋዬን ለቅቄላቸው እኔ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር አነጥፋለሁ። እሳቸውም አያለቅሱ፣ እኔም አላለቅስ። እበላለሁ፣ ጣዕሙ አይታወቀኝም። ሰው "አይዞህ" ሲለኝ ከኋላዬ ለቆመ ሌላ ሰው የሚናገር ይመስለኛል። እጄ ብቻ ይሠራል።

ባለፈው ሰሞን አንድ አዛውንት መጡ። ፍርስራሹ የታጠረበት ሽቦ አጠገብ ቆመው ዋሉ። የአብራሪው አባት መሆናቸውን ባለሱቁ ነገረን። ሰፈሩ ሁሉ ያያቸዋል፣ ማንም አይጠጋቸውም። ነፍስ ይማር ብንላቸው እማማ ሬዲዮን የከዳን፣ ዝም ብንላቸው ልጁን ባጣ ሰው ላይ በር የዘጋን መሰለን።

ጋሽ ሹፌሩ ከጓዳ ወጥተው "ሰውየው ማናቸው?" አሉኝ። መዋሸት ቃጣኝ፤ ግን ነገርኳቸው። "እስቲ ተነሥ" አሉኝና የተቀመጥኩበትን ወንበር አንጠልጥለው መንገዱን ተሻገሩ። ሊማቱ መስሎኝ እየሮጥኩ ተከተልኳቸው። ወንበሩን አስቀመጡና "ይቀመጡ፤ እግርዎ ይዝላል" አሏቸው።

ሰውየው አልተቀመጡም። "የዚህን ቤት ባለቤት ያውቋቸዋል?" ብለው ጠየቁ።

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ ሹፌሩ።

ያኔ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። "ልጄ ባዶ ቦታ ሲፈልግ ነበር አሉኝ" አሉ።

ጋሽ ሹፌሩ ፍርስራሹን እያዩ "ዕድሜዬን ሙሉ ነድቻለሁ። ፍሬን እምቢ ሲል አውቀዋለሁ" አሏቸው።

ሁለቱንም ይዤ ገባሁ። የእንግዳው የኮት እጅጌ በሽቦው ተቀድዶ ስለነበር አስወልቄ ልሰፋው ተቀመጥኩ። እነሱ አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ክር ላስገባ ብል የመርፌው ዓይን ጠፋኝ። ጋሽ ሹፌሩ ተቀብለውኝ አስገቡልኝ።

እትዬ፣ ዘንድሮ እመጣለሁ ያልኩሽ አይሆንም። ጋሽ ሹፌሩ ማረፊያ ሳያገኙ ጥያቸው ብመጣ አንቺም ደስ አይልሽም።

ጋሼን ሰላም በይልኝ፤ ሌሊት ይልበስ። ትልቋ ልጅሽ ትምህርቷን ትያዝ፤ ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ። አክስቴንም እንዳትረሺ። ጋሽ ሹፌሩ አሁን አጠገቤ ናቸው። ለማን እንደምጽፍ ጠየቁኝ፣ ለእህቴ ነው አልኳቸው። "እኛም ሰላም ብለናል በላት" አሉኝ። እኛ ነው ያሉት፣ እማማ ሬዲዮ እንዳሉ ሁሉ።

ወንድምሽ
ከስፌት ቤቴ፣ የካቲት ፱ ቀን