ሻፊ ያዘጋጀው ሲዲ

ኅዳር 6

የሒሳብ ፈተና ተመለሰ። ሠላሳ አንድ ከአርባ። መጥፎ አይደለም። ከዚያ ኮምፒውተር ክፍል ገባን። ማሽኖቹ ሰሞኑን ፎርማት ተደርገዋል። የሠራቸው ዘውገ ነው፣ ከወንድሜ ከሻፊ ጋር አንድ ሱቅ ውስጥ ይሠራ የነበረው። ሲነሱ የሚመጣውን ጽሑፍ አየሁ። ድሮ «ያዘጋጀው ሻፊ፣ ሮቤ» ነበር የሚለው። አሁን «ያዘጋጀው ዘውገ፣ ሮቤ»።

ጓደኛዬ ጫሊ ከጎኔ ነበር። «ዲኖ፣ የወንድምህን ስም በሉት እንዴ?» አለኝ። እየቀለደ ነው። አልሳቅሁም።

ሻፊ የተሳፈረበት መኪና ደሎ መና መንገድ ላይ ከተገለበጠ ገና ሁለት ወሩ...

ኅዳር 7

ሲዲው የሻፊ ነው። ሁለት ዓመት ለፍቶበታል። የዊንዶውስን ሲዲ ኮምፒውተር ላይ ገልብጦ፣ አብረው የሚመጡትን ፕሮግራሞች እያወጣ በቦታቸው የመረጣቸውን ይተካል። ካልኩሌተሩን ቀየረ። መጻፊያውን፣ ኖትፓዱን፣ ብዙ ጽሑፍ በአንድ መስኮት በሚከፍት ቀለል ባለ ፕሮግራም ተካው። ከዚያ አዲስ ሲዲ ላይ ይገለብጠዋል። በዚያ ፎርማት የተደረገ ማሽን ሁሉም ነገር ተሟልቶለት ይነሳል። ከጎባም ከጎሮም ሰው እየመጣ «የሻፊውን ጫንልኝ» ይል ነበር።

ነበር።

ኅዳር 9

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱቁ ገባሁ። «አከም ዲኖ! እናትህ እማማ ዙህራ ደህና ናቸው?» አለኝ ዘውገ። ኦሮምኛው አሁንም የቡታጅራ ልጅ መሆኑን ያሳብቅበታል።

«ጋሼ፣ የሻፊ ስም ለምን ወጣ?»

የያዘውን ብሎን መፍቻ አስቀመጠ። «አዲስ ሲዲ ነው። አንዳንድ ነገር ቀይሬበታለሁ።»

«ምን?»

«ፈተና የለህም እንዴ አንተ?»

ዓይኔን አላየም። ለምን?

ኅዳር 11

ከሱቁ መደርደሪያ አንዱን አዲስ ሲዲ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ሌብነት ነው? የገዛ ወንድሜን ሥራ?

ቤት፣ የሻፊ ማሽን ላይ፣ ሁለቱን ፋይል በፋይል አስተያየሁ። የተለየው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንዱ ስሙ። ሌላው ኖትፓዱ። የሻፊ ወጥቶ ያ ድሮ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ተመልሷል። በቃ! አንድ ፕሮግራም ወደ ነበረበት መልሶ የሁለት ዓመት ልፋት በስሙ አደረገ።

ዘውገ በየጁምዓው ለእማዬ ስኳር ይዞ ይመጣል። ትመርቀዋለች። ለካ ስኳሩ... እማዬ «ምን እየሠራህ ነው?» አለችኝ። «የቤት ሥራ» አልኳት።

ኅዳር 14

ዘውገ «ሱቁን ጠብቅልኝ» ብሎ ጎባ ሄደ። ሰሞኑን ጎባ ያበዛል። ማን ጋ?

እትዬ ቀለሟ መጡ፤ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉት። ማሽናቸው አልነሳ ብሏል።

«ዘውገ የለም? አንተ ትችላለህ?»

«ሻፊ አስተምሮኛል።»

«ሻፊ ደግሞ ማነው?»

ከአሰላ የመጡት በቅርቡ ነው። አያውቁትም። በዘውገ ሲዲ ብጭንላቸው መቼም አያውቁትም። ቤት የነበረውን የሻፊን ሲዲ ይዤ ነበር። ጫንኩት። ሲነሳ ስሙ መጣ። ደረቴ ሞቀ።

ኖትፓዱንም ሞከርኩት። በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ ለሻፊ ሰላምታ ጻፍኩ። ዘጋሁ። ከፈትኩ። እንዳለ አለ። ታዲያ ምን ጎድሎት ነው ያወጣው?

ኅዳር 18

ዘውገ መደርደሪያውን ሲያገላብጥ ቆየ። አንድ ሲዲ እንደጎደለ አውቋል። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ። የማይጠይቀኝ ስለሚፈራኝ ነው?

ኅዳር 28



እትዬ ቀለሟ ማሽናቸውን በባጃጅ ጭነው መጡ። ከበር ጀምረው ይጮሃሉ። «ይሄ ሻፊ የምትሉት ማነው? የሃያ ሦስት ገበሬ አቤቱታ! ታኅሣሥ ሁለት የሚገባ! አሁን ስከፍተው ሁሉም ጥያቄ ምልክት ሆኗል! እጁን ይቁረጠው!»

ዘውገ እኔን አየ። ከዚያ እሳቸውን። «እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ስሙ ሻፊ ነው የሚለው! የምረግመው ሻፊን ነው!»

የጫንኩት እኔ መሆኔን አልተናገርኩም።

ሲወጡ ዘውገ በሩን ገርበብ አደረገ። የእሳቸው ማሽን ላይ ኖትፓዱን ከፍቶ በአማርኛ «ሰላም» ብሎ ጻፈ። አስቀመጠው፣ ዘጋው፣ ከፈተው። ሦስት ጥያቄ ምልክት።

«አየህ? እየጻፍክ ሳለ ይታያል። ሲዘጋ የአማርኛው ፊደል ይጠፋል። ወንድምህ ሁሉን የሚጽፈው በቁቤ ነበር፤ የሞከረውም በዚያው። አንተስ በምን ሞከርክ?»

«በቁቤ» አልኩት።

«ከሞተ በኋላ አንድ የጎሮ አስተማሪ መጣ። ያወጣው ፈተና ጠፍቶበታል። ስሙን እየጠራ ረገመው። ከዚያ ሌላ ሰው። ቀብሩ ላይ አጎትህ ምን አሉ? ያስቀየማችሁ ነገር ካለ አፉ በሉት፣ ይቅር በሉት፣ እሱ ላይ ሐቅ ያለው ወደ እኛ ይምጣ አሉ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ግን ቆሜ ሰምቻለሁ። ጎባ የምመላለሰው ለዚህ ነው፤ እየዞርኩ የድሮዎቹን ማሽኖች ኖትፓድ እለውጣለሁ።»

«ስምህንስ ለምን ጻፍክበት?»

«ነገ ሌላ ስህተት ቢወጣበትስ? ሻፊን አፈር ውስጥ ይርገሙት? እኔ አለሁ፤ መልስ እሰጣለሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ልበልህ ወንድሜ? ሻፊ ተሳስቷል ልበልህ? በሁለት ወሩ?»

ኅዳር 29

ፍርድ ቤቱ በር ሄድኩ። እትዬ ቀለሟ ዣንጥላቸው ስር ተቀምጠው በእጃቸው ይጽፋሉ።

«ሻፊ ወንድሜ ነው። ሞቷል። የጫንኩት እኔ ነኝ፤ ዘውገ አያውቅም ነበር።»

አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ምን በወጣኝ! በሙት ላይ ነው አፌን የከፈትኩት?»

«አፉ ይበሉት።»

«ለእሱስ አፉ ብያለሁ፤ አፈሩ ይቅለለው። አንተን ግን ገና ነኝ። ረቂቆቹ እዚህ ደብተር ውስጥ ናቸው። ና፣ ቁጭ በል።»

ኅዳር 30

አሥራ አራት አቤቱታ ጻፍኩ። ዘጠኝ ይቀራል። እትዬ ቀለሟ አጠገቤ ቆመው «ቶሎ በል፣ ጣትህ የአሮጊት ነው!» ይላሉ።

ታኅሣሥ 2

ሃያ ሦስቱም ገቡ። እትዬ ቀለሟ ከመዝገብ ቤት ሲወጡ ትከሻዬን መታ አደረጉና «በል ሂድ፣ አፉ ብያለሁ» አሉኝ።

ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። ሲዲ መስረቄንም። «ነገ ዘውገን ምሳ ጥራው» አለች።

ታኅሣሥ 9

ከዘውገ ጋር ጎሮ ነበርን፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ማሽኖች ለወጥን። አሁን ያ ኖትፓድ የትም የለም፣ እኛ እስከምናውቀው።

ከሰዓት በኋላ አዲስ ሲዲ አዘጋጀሁ። ለኖትፓዱ ሌላ ምትክ አግኝቻለሁ። በቁቤ ሞከርኩት፣ በአማርኛ ሞከርኩት፣ በዓረብኛም። እየዘጋሁ እየከፈትኩ። ስም የሚጻፍበት ጋ ስደርስ ዘውገ ከኋላዬ ቆመ።

«የማንን ልትጽፍ ነው?»

«የእኔን።»

«ሰው ሊሰድብህ ይመጣል እኮ።»

«ይምጣ» አልኩት። «እዚህ ነኝ።»