አባትሽ ያልሸጣቸው ግልገሎች

ለውድ ልጄ ሩዋይዳ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። በሰው አገር አላህ ይጠብቅሽ፣ የአሠሪዎችሽን ልብ ያራራልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እህትሽ ሲሃም ካራቆሬ ከተማ ወልዳለች፤ ወንድ ነው።

የፍየሎቹን ነገር ከሌላ ሰው እንዳትሰሚ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ከዝናቡ በኋላ ግልገሎቹ ማሳል ጀመሩ። አፍንጫቸው ይዝረበረባል፣ ሲተነፍሱ ጎናቸው ይርገበገባል፣ መጥባትም ተዉ። ከጀውሃ የመጣው የእንስሳት ሐኪም የሳምባ በሽታ ነው ብሎ መርፌ ወጋቸው፤ የታመሙትን ለይታችሁ ደረቅ ቦታ አስተኟቸው አለን። ያንቺን ክፍል ለቀቅንላቸው። እኔም ወተት እያለብኩ፣ ትን እንዳይላቸው በጥቂት በጥቂቱ አጠጣኋቸው።

ጎረቤታችን ሸሪፍ መጥቶ አባትሽን፣ “አደም፣ ሳይሞቱብህ ገበያ አውጣቸው” አለው።

አባትሽም፣ “አምኖኝ ለሚገዛ ሰው በሽታ አልሸጥም” አለው።

መርፌው አላዳናቸውም። ግልገሎቹ ተራ በተራ አለቁ፤ እናቶቻቸውም ተከተሏቸው። አባትሽ ማንንም ሳይጠራ ራሱ ቆፍሮ ቀበራቸው። የጎረቤት ፍየሎች ደህና ናቸው፤ ማታ ሲገቡ ጩኸታቸው ይሰማናል። እሱ ባዶው ጉረኖ በር ላይ ይቀመጣል። ሲያለቅስ አላየሁትም፤ እህል ግን አልወርድለት ብሏል።

ልጄ፣ ስትደውዪ ስለ ፍየሎቹ አታንሺበት። ስለ ራስሽ አውሪው፤ የምትበዪውን፣ የምትሠሪውን፣ የመጣልሽን ሁሉ አውሪው። ድምፅሽን የሰማ ቀን ትንሽ ይቀምሳል።

አላህ ሳንጎዳ ያገናኘን።

እናትሽ ዙሀራ