የእትዬ ሳሙና ሕይወትና ያልተከፈተው በር

ሰፈርተኛው «እትዬ ሳሙና» እያለ የሚጠራቸው እኚህ እናት፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው፣ ዛሬ ለቅሶ በተቀመጥንበት በዚሁ ረጅም ቤት ከሰባ አራት ዓመት በፊት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ከእሳቸው በኋላ የተወለደው አንድ ወንድም ብቻ ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀውም እሱ ነው። ትምህርቱ ከአምስተኛ ክፍል ስላላለፈ ለአጻጻፉ ይቅርታ ይጠይቃል።

እትዬ ሳሙና እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በሂሳብ የሚያክላቸው አልነበረም። እናታቸው በወገብ ሕመም ሲተኙ ግን ደብተራቸውን ሳጥን ውስጥ ከተው ካውያውን አነሡ። ከዚያ በኋላ ሃምሳ ስድስት ዓመት አላስቀመጡትም።

አባታቸው ሲያርፉ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። በዋናው መንገድ በኩል ያለው የእትዬ ሳሙና ልብስ ማጠቢያ ሆነ፤ ወደ ኋላ ቅያስ የሚወጣው ደግሞ የወንድማቸው የአናጢ ቤት። በመካከል አንድ በር ቀረ። መቀርቀሪያው በወንድማቸው በኩል ነበር። ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ሲሆን እሳቸው በሩን ሦስት ጊዜ ያንኳኳሉ፤ እሱ በመዶሻ እጀታ ሁለት ጊዜ ይመልስና ይከፍታል፤ ምሳ አብረው ይበላሉ። ተኳርፈው በሰነበቱበት ጊዜ እንኳ ይህ አልተጓደለም። ሳይነጋገሩ ይበሉ ነበር።

በሃያ አራት ዓመታቸው የአውቶቡስ ሹፌር አግብተው አንድ ወንድና አንድ ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው ተጫዋች ነበሩ። «መንገድ ላይ መሪውን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ቤት ስገባ ግን ፍሬኑም መሪውም የእሷ ነው» ይሉ ነበር። እሳቸው ካረፉ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል።

እትዬ ሳሙና በሥራቸው አንድ ሕግ ነበራቸው። ለማጠቢያ የገባ ልብስ ሁሉ አንገቱ ላይ በቀይ ክር ቁጥር ይሰፋለታል፤ ባለቤቱ እስኪመጣም ማንም አይለብሰውም። «የሰው ልብስ የሰው ገላ ነው» ይሉ ነበር። ልጃቸው ከትምህርት ቤት ስትመረቅ ከመደርደሪያው አንድ ነጭ ቀሚስ ለሁለት ሰዓት ብቻ ብላ ለምናቸው ነበር። አልሰጧትም። እያለቀሰች ሄደች። ይህ እዚህ የተጻፈው ቀጥሎ የሚነገረው ምን ያህል እንደከበዳቸው እንዲታወቅ ነው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ከማጠቢያው ፊት ለፊት ባለው አሮጌ የተማሪዎች ማደሪያ ጥገኝነት ጠያቂዎች ይኖሩ ነበር። ሰፈሩ አልወደዳቸውም። ወንድማቸውም አልወደዳቸውም። አንድ ቀን ምሳ ላይ «እንግዳ ሲበዛ ባለቤት መቀመጫ ያጣል» ቢላቸው እትዬ ሳሙና «አንተ ደግሞ መቼ ቤት ሠርተህ ታውቃለህ? የአባታችን ነው፤ ብላ!» ብለው ዝም አሰኙት።

አንድ ሐሙስ አንዲት ሕፃን ጠፋች ተባለ። የወሰዷት ስደተኞቹ ናቸው ተባለ። ልጅቱ ያን ዕለት አክስቷ ቤት ተኝታ ነበር፤ ይህ የታወቀው ግን ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የማደሪያው መስኮቶች ረገፉ። ስምንት ሰዎች መንገዱን አቋርጠው ወደ ማጠቢያው ሮጡ። እትዬ ሳሙና አስገብተው የፊቱን በር ዘጉ። ከዚያም የመካከለኛውን በር ሦስት ጊዜ አንኳኩ።

ወንድማቸው ሰማ። ከበሩ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ ነበር። እጁን መቀርቀሪያው ላይ አሳረፈ። እንጨትና ቫርኒሽ የሞላ ቤት በአንዲት ክብሪት ያልቃል ብሎ አሰበ። ይህ እውነት ነበር። ግን ያሰበው ይህን ብቻ አልነበረም፤ «ማን ኑ አላቸው?» የሚልም ነገር በሆዱ ነበር። እንደገና ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። እሱ ከበሩ ራቀ፤ የኤሌክትሪክ መጋዙን አስነሣ። መጋዙ እየጮኸ ሌላ ምንም አልሰማም።

እትዬ ሳሙና ጥቂት ጠበቁ። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ዞሩ። ለማጠቢያ የገባው የሆስፒታል ሠራተኞች ልብስ ታጥቦ ተተኩሶ ተደርድሯል፤ አረንጓዴ ጋውን፣ ኮፍያና የአፍ መሸፈኛ። ሕጋቸውን በገዛ እጃቸው ሻሩ። ስምንቱንም አለበሱ፤ እያንዳንዱን አንድ አንድ የአንሶላ እስር አሸከሙና በሩን ከፍተው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

ሕዝቡ መንገዱን ሞልቷል። የሰፈሩ ባለ ሥጋ ቤት ከፊት ሆኖ «እትዬ ሳሙና፣ አክብረንዎት ነው የቆምነው! ውስጥ ያሉትን ያውጡልን!» አለ።

«ውስጥ ያለው የእናንተው እድፍ ነው» አሉ። «ከአርባ ዓመት በላይ ሳጥብላችሁ ያየሁትን አይቻለሁ። የማንን አንሶላ ልዘርጋ? ያንተን ልጀምር?»

ሕዝቡ ሳቀ። ባለ ሥጋ ቤቱ አንገቱን ደፋ። በዚያ ሳቅ መካከል የመጀመሪያዎቹ ሁለት እስራቸውን ተሸክመው ወጡ። «ዞር በሉ፤ የሆስፒታል ዕቃ ነው፤ በሽታ ይዟችሁ እንዳትመጡብኝ!» እያሉ እትዬ ሳሙና መንገድ አስለቀቁ። ሁለተኞቹም፣ ሦስተኞቹም አለፉ።

የመጨረሻዎቹ፣ ከስምንቱ አንዱ የሆኑት ሰዓት ሠሪና ባለቤታቸው ነበሩ። ሰዓት ሠሪው ከልጅነታቸው ጀምሮ ቀኝ እግራቸውን ያነክሳሉ። ፊታቸው ቢሸፈንም አካሄዳቸውን አንድ ሰው አወቀው። ብረት የያዘ አንዱ በባለቤታቸው ራስ ላይ ሲሰነዝር ሰዓት ሠሪው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ ብረቱ እጃቸው ላይ አረፈ። እትዬ ሳሙና በላያቸው ወደቁ፤ የእሳቸውም የትከሻ አጥንት ተሰበረ። ሕዝቡ የወደቁት እትዬ ሳሙና መሆናቸውን ሲያይ ተበተነ።

የሰዓት ሠሪው እጅ ዳግመኛ አልታጠፈም። ከመካከለኛው በር እስከ ኋላ ቅያስ ሃያ ሦስት እርምጃ ነው። ወንድማቸው ብዙ ጊዜ ለክቶታል። በኋላ ቅያስ በኩል ያን ቀን ማንም አልነበረም።

ነገሩ ሲበርድ ወንድማቸው ውሃ ይዞ መጣና «መጋዙ እየሠራ ነበር፤ አልሰማሁም» አለ። እትዬ ሳሙና አዩት፤ ውሃውን ጠጡ። ሰው ሲጠይቃቸው «ሥራ ላይ ነበር» ይሉ ነበር።

በማግስቱ ክንዳቸው ታስሮ ጋውኖቹን እንደገና አጠቡ። ሆስፒታሉም ድረስ ሄደው ማን እንደለበሳቸው ለባለቤቶቹ ነገሩ፤ ይቅርታም ጠየቁ። አንዳንዶቹ እጃቸውን ሳሙ፤ አንዳንዶቹ ልብሳቸውን ሌላ ቤት ወሰዱ። እሳቸው ሁለቱንም «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ሸኙ።

ከወራት በኋላ በሰፈሩ አዳራሽ የምስጋና ስብሰባ ተደረገ። «ለመላው ቤተሰብ» ተብሎ ሲጨበጨብ ወንድማቸውም ከእሳቸው ጋር ተነሥቶ እጅ ነሣ። ሰዓት ሠሪው በግራ እጃቸው ሥራቸውን እንደ አዲስ ተምረው የመጀመሪያውን የግድግዳ ሰዓት ሲጠግኑ ለእሱ አመጡለት። «ጋሼ፣ ከእትዬ ቤት የሆነ ሁሉ ወገኔ ነው» አሉት። እሱም ተቀብሎ ከመካከለኛው በር በላይ ሰቀለው። እስከ ዛሬ እዚያው ይቆጥራል።

እትዬ ሳሙና በሳንባ ሕመም ለሦስት ወር ተኙ። አንድ ቀን ወንድማቸው ሾርባ ሲያጠጣቸው ማንኪያውን በእጃቸው መለስ አድርገው «ያን ቀን መጋዝህ ላይ እንጨት አልነበረም» አሉት።

እሱ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ።

«የአናጢ ልጅ ነኝ። መጋዝ ሲበላና ባዶውን ሲጮህ አንድ አይደለም።»

«እትዬ፣ ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተን ስጠብቅ ነዋ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ምሳ እያበላሁ ጠበቅሁህ፤ አንተ ግን በልተህ ትነሣለህ።» ሳቁ፤ ሳሉ፤ እንደገና ሳቁ። ከዚያ «ታሪኬን አንተ ጻፈው። በሩን እንዳትዘለው። የምወጣውም በዚያ በር ነው» አሉት።

በሕክምናም በጸሎትም ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ልጆቻቸው አጠገባቸው እንዳሉ፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የሁለት ልጆች እናትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። ያን ዕለት በእጃቸው የተረፉት ስምንቱ ሰዎችም ከነልጆቻቸው ዛሬ በቤተሰብ መቀመጫ ተቀምጠዋል። አንድ ወንድምም ትተዋል።

ሰዓት ሠሪው ይህን ነገር የሚሰሙት ዛሬ ከሕዝብ ጋር ነው። ወንድማቸው አስቀድሞ ሊነግራቸው በዚህ ሳምንት ሦስት ጊዜ ደጃቸው ሄዶ፣ ስለ ግድግዳው ሰዓት አውርቶ ተመለሰ። ዛሬም ይቅር በሉኝ አይልም። እንዲያውቁት ነው።

መቀርቀሪያው ትናንት ተነቅሏል። አስከሬናቸው በመካከለኛው በር አልፎ፣ ሃያ ሦስቱን እርምጃ ተጉዞ፣ በኋላ ቅያስ ወደቆመው መኪና ይገባል። ሰዓት ሠሪው ፈቃዳቸው ከሆነ ከፊት ሆነው ይመሩታል፤ ወንድማቸው ከኋላ ይከተላል።

እትዬ ሳሙና ባንኳኩበት ደጅ ሁሉ ፈጣሪ አንዴ እንኳ ሳያስጠብቅ ይክፈትላቸው።